ስም መሸፈን ሥራዬ ነበር

ሥራዬን የለቀቅሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ «የሥራ ዘመኔ» ብሎ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። እንዲህ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ ግን ስድስት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ላልመለስበት ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ እንደ ጡረታ ቆጠርሁት። አሁን ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አጠገብ ባለ አንድ ኮፒ ቤት የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ።

የለቀቅሁበት ምክንያት አንድ ነው። ታላቅ ወንድሜ ምናለ ባለፈው ክረምት ሞተ። መጽሐፍ ጽፎ ነበር። እኔ የምሠራበት የመጻሕፍት ሽልማት ደግሞ የሠራተኛ ቤተሰብ አይወዳደርም የሚል ደንብ አለው። እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ የእሱ መጽሐፍ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ወጣሁ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረውን ቀስ ብዬ ልናገር። መጻፍ አልለመድሁም፤ የለመድሁት ሌላ ሰው የጻፈውን ማንበብ ነው።

ሽልማቱ የሚሰጠው ባሕር ዳር ነው። በጣና ዙሪያ ስላለው አገር፣ ስለ ሰዉ፣ ስለሚወራው ታሪክና ተረት ለተጻፉ፣ ገና ላልታተሙ መጻሕፍት ነው። ያሸነፈው ይታተማል፤ በየትምህርት ቤቱም ይታደላል። ያላሸነፈው ወደ ሣጥን ይመለሳል። ደራሲዎቹ አብዛኞቹ አስተማሪዎች፣ ካህናት፣ ጡረተኞች ናቸው። አንዳንዱ በደብተር ያመጣል። አንዳንዱ የብራና ልማድ ስላለው በወፍራም ወረቀት፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ጽፎ በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ምናለ ያን ጊዜ ከጣና በስተሰሜን፣ ቆላ ድባ አስተማሪ ነበር። ማስታወቂያውን አይቶ ደወለልኝ። ደመወዙን ነገርሁት።

«ለቤት ኪራይና ለምሳ ይበቃል» አለኝ። «ለእራት ወንድም ያስፈልጋል። ግባ።»

የፈተኑኝ መሪጌታ ይባቤ ናቸው። ጎጃም ቅኔ ቤት ተምረው፣ ኋላ በአንድ ማተሚያ ቤት ብዙ ዘመን አራሚ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ማተሚያ ቤቱን ሲለቁ ሽልማቱን የሚያዘጋጀው ጉባኤ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አደረጋቸው። አንድ ገጽ ሰጡኝና አንብብ አሉኝ። ትምህርት ቤት እንደለመድሁት ፈጠን አድርጌ አነበብሁ። ሦስት መስመር ሳልሄድ አስቆሙኝ።

«ማነው የሚያባርርህ?»

«ማንም» አልሁ።

«እንግዲያ ቁጭ ብለህ አንብብ።»

ቁጭ ብዬ ነበር። ቢሆንም ገባኝ። ዝግ አድርጌ አነበብሁ። ቀጠሩኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ደራሲው መጽሐፉን ያመጣል። እቀበላለሁ፤ በመዝገብ እጽፋለሁ። ስሙን በታሸገ ፖስታ አድርጌ ለጉባኤው ሰብሳቢ እሰጣለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ኮፒ አደርግና በኮፒው ላይ የደራሲው ስም ያለበትን ቦታ ሁሉ በነጭ ወረቀት እሸፍናለሁ። ቁጥር እሰጠዋለሁ። ዳኞቹ የሚያውቁት ቁጥሩን ብቻ ነው። የደራሲው ስም በመጽሐፉ ውስጥ ታይቶ ከተገኘ መጽሐፉ ይወድቃል። ወንድሜ በዚህ ይቀልድብኝ ነበር። «ሰው ሁሉ ስም ለማውጣት ይሠራል፤ አንተ ስም ለመሸፈን ትከፈላለህ» ይለኝ ነበር።

መሪጌታ መጽሐፍ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ፎጣቸው ለብቻው ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ገጽ ለመግለጥ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አያውቁም፤ እኔ ያደረግሁ ዕለት «ሰው ልጁን ሰጥቶህ ትልሰዋለህ?» አሉኝ። በመጽሐፉ ላይ እርሳስ አያሳርፉም። ለሚያርሙት ነገር ጠባብ ጠባብ ወረቀት ቆርጠው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ፤ የገጹንና የመስመሩን ቁጥር እዚያ ላይ ይጽፋሉ። ሲያነቡ ድምፃቸውን አይለዋውጡም። እኔ ተረት ሳነብ ጅቡን እንደ ጅብ፣ ሽማግሌውን እንደ ሽማግሌ ላደርግ ስሞክር ይቆጡኝ ነበር። «አታስቀው፤ ተረቱ ራሱ ይሳቅ። አንተ በር ክፈትለት ብቻ» ይሉኝ ነበር። ደግሞ አንድ ነገር ደጋግመው ያስጠነቅቁኛል፦ «ዋናውን አትንካ። የምትሸፍነው ኮፒውን ነው።»

ይህን ያልሰማሁ ዕለት የደረሰውን ልናገር። መናገሩ ከብዶኝ ቆይቷል።

ሦስተኛው ዓመት ነበር። በማስረከቢያው የመጨረሻ ሳምንት መሪጌታ ለተዝካር ወደ አገራቸው ሄዱ። መጻሕፍቱ ተከማቹ። መብራት ጠፋ፤ ኮፒ ማድረግ አልተቻለም። ከዘጌ የመጡ መምሬ ጥሩነህ የሚባሉ ቄስ በእጅ የጻፉትን መጽሐፍ አስረክበው ነበር። አሥራ አንድ የዘጌ ታሪኮች ናቸው። በእያንዳንዱ ታሪክ መጨረሻ በቀይ ቀለም አንድ አንድ ስም አለ። ገብረ ሚካኤል። ወለተ ማርያም። እንደዚህ ዓይነት። ካህን በመጽሐፉ መጨረሻ የራሱንና የወላጆቹን ስም እየጻፈ «አስቡኝ» እንደሚል አውቃለሁ። የእሳቸው መሰለኝ። ዳኞቹ ካዩት ይወድቅባቸዋል ብዬ ደነገጥሁ። መብራት እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ኮላ ቀብቼ በዋናው ላይ አሥራ አንዱንም ሸፈንኋቸው። መብራት ሲመጣ ኮፒ አድርጌ ለዳኞቹ ላክሁ። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

መጽሐፉ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። አንዱ ዳኛ «ታሪኮቹ ጣፋጭ ናቸው፤ ግን ከማን ተሰሙ? ደራሲው ራሱ ፈጥሯቸው ይሆናል» ብሎ ጽፎ ነበር። ሽልማቱ ሰው ሲያወራው የኖረ ታሪክ ነው የሚፈልገው።

መምሬ ጥሩነህ መጽሐፋቸውን ሊወስዱ መጡ። መውደቃቸውን ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ጨርቁን ፈትተው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ስም ነው አባቴ። እንዳይጥሉብዎ ብዬ ሸፈንሁት።»

«የማን ስም?»

«የእርስዎና የቤተሰብዎ መስሎኝ።»

«የእኔስ አንድም ቦታ የለ። እነዚህ የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። አሥራ አንዱም አርፈዋል። ክርስትና ስማቸውን የጻፍሁት ያነበበ ሁሉ እንዲያስባቸው ነው።»

በጥፍሬ ወረቀቱን ላነሣው ሞከርሁ። ኮላው ቀዩን ቀለም ይዞት ተነሣ። ሌላውንም ሞከርሁ። ያው ነው። «ተወው» አሉኝ። በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየቆጠሩ ስሞቹን ከልባቸው አወጡልኝ፤ እኔ በወረቀት ጻፍሁ። አሥር ደረሱ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሥር። ከባሕሩ ጋር የተጣላች ሴት የሚለው ታሪክ ነው የቀረው።

«ዲያቆን ሳለሁ ነው የሰማሁት» አሉ። «ተዝካር ላይ፣ ከሌላ ደብር ከመጣች ሴት። ክርስትና ስሟን ጠይቄ በወረቀት ጻፍሁት። ከዚያ ወዲህ ከወረቀት ወደ ወረቀት ስገለብጠው ኖርሁ። ወረቀቱን አምኜ ከልቤ አወጣሁት።»

የገለበጡበትን አሮጌ ወረቀት ይህን መጽሐፍ ሲጨርሱ ጥለውታል። ምንም አልቀረም። አልጮኹብኝም። «እግዜር ይቅር ይበልህ» ብለው መጽሐፉን ጠቅልለው ሄዱ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

መሪጌታ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኋቸው። እንባዬ መጣ።

«አዝነሃል?»

«አዎ።»

«ማዘን ስም አይመልስም። ቅዳሜ ዘጌ እንሄዳለን። ታሪኩን ገልብጠህ ያዝ።»

በሰው ማመላለሻ ጀልባ ሄድን። መሪጌታ ያሰቡት ቀላል ነበር፦ ታሪኩን ለሰው ማንበብ። የሴትዮዋን ስም የሚያውቅ ባይኖር እንኳ ታሪኳን የሚያውቅ ይኖራል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደቡ ላይ አነበብሁ። ሰዉ ሳቀብን። አንዲት ሎሚ ሻጭ «ኑ ስሙ! የራሳችንን ተረት ከከተማ ይዘው መጡልን! ቀጥሎ ሎሚዬን ይሸጡልኛል» አለች። ማንም አላወቀውም። በሁለተኛው ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አነበብሁ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ሰሙ፤ አላወቁትም። በሦስተኛው ወፍጮ ቤት ሄድን። ወፍጮው ቆሞ ነዳጅ እስኪመጣ ሴቶቹ ተራ ይጠብቃሉ።

ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ሴት እንስራዋን ባሕሩ ወሰደባት። ተጣላችው። ዓመት ሙሉ ከእሱ ላትቀዳ ማለች፤ ሩቅ ምንጭ እየሄደች ቀዳች። ጎረቤቶቿ ቢለምኗት አልታረቅም አለች። ዓመቱ ሲሞላ እንስራዋ ዳር ላይ ቆሞ አገኘችው፤ ውስጡ ዓሣ ሞልቷል። እዚህ ላይ ስደርስ፣ ሴትዮዋ ያለችውን ሳላነብ፣ ከኋላ አንዲት ቅንድቧ በዱቄት የነጣ ሴት ቀደመችኝ።

«‹ኪራዩን ከፍሎ መለሰው!›»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም።

«ማን ነገረሽ እትዬ?» አልኋት።

«ማን ይነግረኛል? የእናቴ ነዋ! ዕቃ ተውሶ ባዶውን የሚመልስ ጎረቤት ባጋጠማት ቁጥር ታወራው ነበር።»

መሪጌታ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እናትሽ ክርስትና ስማቸው ማን ነበር ልጄ?» አሏት።

«ወለተ ሥላሴ።»

ጻፍሁት። ሁለት ጊዜ ጻፍሁት። በዚያው ዕለት ለመምሬ ጥሩነህ ቤታቸው ድረስ ወሰድንላቸው። ስሙን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሷ ናት» አሉ። በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉን እንደገና አስገቡ፤ ሦስተኛ ወጥቶ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «ዘንድሮስ ስንት ሰው ሸፈንህ?» ይሉኛል። ይቅር እንዳሉኝ በዚያ አውቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ደንቡ ተለወጠ። የተራኪዎች ስም አይሸፈንም። ሌላም ተጨመረ፤ ይህን መሪጌታ ናቸው ጉባኤውን ያሳመኑት። ማንኛውም መጽሐፍ ወደ ዳኞች ከመሄዱ በፊት ታሪኩ በሆነበት አገር ሄዶ ይነበባል። ከአገሩ ሦስት ሰሚዎች ይመረጣሉ። ሰምተው «የእኛ ነው» ካሉ ያልፋል። አንዱ እንኳ «የእኛ አይደለም» ካለ እዚያው ይቀራል።

እኔ አንባቢ ሆንሁ። ከስድስቱ ዓመት የወደድሁት ይህን ነው። ጎርጎራ፣ እንፍራንዝ፣ ደልጊ፣ የማላውቀው አገር አልቀረም። በሕይወቴ ከዚህ የተሻለ የሠራሁት ነገር የለም ማለት እችላለሁ። ሰሚ ሲስቅ በወረቀቴ ነጥብ አደርጋለሁ። ዝም ሲል መስመር። «እንዲህ አይደለም» ሲል ክብ። ሰሚው መሬት መሬት ማየት ከጀመረ ታሪኩ ረዝሟል ማለት ነው። ልጁን መጥራት ከጀመረ ደግሞ ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ልጁም እንዲሰማለት ነው። እንፍራንዝ ላይ አንድ ደራሲ ስለ ጉዛራ ግንብ ጋኔን የጻፈውን ሳነብ አንድ ገበሬ አቋረጠኝ። «እኛ እዚያ ሥር በሬ እናውላለን። ጋኔን ቢኖር በሬዎቹ ይነግሩን ነበር» አለ። መጽሐፉ እዚያው ቀረ። ደራሲው እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

በእኔ ጊዜ ጉባኤው ሁለት ሰብሳቢዎች ነበሩት። የመጀመሪያው ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ነጥብና መስመሬን በሠንጠረዥ አድርግ ይሉኝ ነበር። ሁለተኛዋ ዶክተር ናቸው፤ አንድ ቀን ራሳቸው አብረውኝ ሄደው ጀልባ ላይ አስታወካቸው፤ ከዚያ ወዲህ አበሌን ሳይከራከሩ ይፈርማሉ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ።

ምናለ ቆላ ድባ ሰባት ዓመት አስተማረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ገበያው ውስጥ፣ ሰፋሪዎቹ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ጤፍና ሽምብራ በቁና እየሰፈሩ የሚያወሩትን ማታ በደብተር ይጽፋል። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ባሕር ዳር ተዛወረና አብረን መኖር ጀመርን። አራት ደብተር ሞልቶ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላነበበልኝም። «አንተ ዳኛ ቤት ነህ፤ አፍህን አላምንም» ይለኝ ነበር። እኔ ግን የማነበውንና የደረሰብኝን ሁሉ እነግረዋለሁ፤ የመምሬ ጥሩነህንም ነግሬዋለሁ።

«ልልቀቅና ያንተ ይግባ» አልሁት አንድ ጊዜ።

«ለአራት ደብተር ብለህ ሥራህን? ተው እንጂ።»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው። ይህን ሥራ ስታወራ ፊትህን አላየኸውም። ደብተሩ የት ይሄዳል? ሲሰለችህ ትለቃለህ፤ ያን ጊዜ እገባለሁ።»

አልሰለቸኝም። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ወይም ጥፋት አይደለም፤ አላውቅም። ሰኔ ላይ በጉበት ታመመ። ፍልሰታ ሳይገባ አረፈ። ስለዚያ ወር ልጽፍ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይቅር።

ከአርባው በኋላ ደብተሮቹን ገለጥሁ። እጄን ታጥቤ ነው የገለጥሁት። በእያንዳንዱ ታሪክ ግርጌ የነገረውን ሰው ስም ጽፏል። ስም ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው ሲነግረው እንዴት እንደነበርም ጽፏል። አንብቤ ስጨርስ እንደ ሥራዬ ነው የፈረድሁት፤ ወንድሜ ስለሆነ አይደለም። ጥሩ መጽሐፍ ነው።

መሪጌታ ጋ ሄድሁ። «ባለቤቱ የሞተ መጽሐፍ ይገባል?» አልኋቸው።

ደንቡን አውጥተው አነበቡ። «ወራሽ ያቀርበዋል ይላል። ሠራተኛ የሆነ ወራሽ ግን አይችልም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

ሰብሳቢዋ ሰምተው አስጠሩኝ። ለእኔ ብቻ ልዩ ውሳኔ እናሳልፍ አሉ። ደግ ሰው ናቸው። አይሆንም አልሁ። ቢያሸንፍ «ወንድሙ ውስጥ ስላለ ነው» ይባላል። ያን ሰምቶ መልስ የሚሰጥ ምናለ የለም። ስለዚህ ማመልከቻዬን ጻፍሁ። ሦስት መስመር ናት።

ኮፒ ቤት ገብቼ ደብተሮቹን በምሳ ሰዓት ተየብኋቸው። ከዚያ ለስድስት ዓመት ተቀምጬ በተቀበልሁበት መስኮት በውጭ በኩል ቆሜ የተየብሁትን ከነደብተሮቹ አስረከብሁ። በእኔ ቦታ የገባችው ብርቱካን የምትባል ልጅ ናት። ደብተሮቹን ስትቀበለኝ አላስቻለኝም።

«ዋናውን አትንኪ፤ ኮፒውን ነው…»

«መሪጌታ መቶ ጊዜ ነግረውኛል» አለች። «ያንተንም ታሪክ ነግረውኛል።»

ሳቅሁ። ምናለ ከሞተ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅሁት ያን ዕለት ይመስለኛል።

ውጤቱ ገና አልወጣም። ስለ ውጤቱ አይደለም የምጽፈው። ስለ ቆላ ድባው ንባብ ነው።

ንባቡን ማንም ሰው መስማት ይችላል። የደራሲው ዘመድ ግን በንባቡ መካከል አንድ ቃል ከተናገረ መጽሐፉ ይወድቃል። መሪጌታ ይህን ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። ከባሕር ዳር በመኪና የሚሄደው መንገድ ያን ሰሞን ስለተዘጋ በጀልባ እስከ ጎርጎራ ሄደን፣ አድረን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ በመኪና ቆላ ድባ ገባን። የእህል ገበያው መጋዘን ጥላ ሥር ተነበበ። ሦስቱ ሰሚዎች ኑግ ነጋዴዋ ወይዘሮ እናና፣ አንድ ወጣት የግብርና ሠራተኛና ሽማግሌው ሰፋሪ አያ ገላው ናቸው። አያ ገላው ቁናቸውን ገልብጠው ተቀምጠውበታል። ሌላው ሰው ጆንያ ላይ ነው። እኔ ከኋላ ቆምሁ።

ብርቱካን ጥሩ ታነባለች። መጀመሪያ የዕውሩን ሰፋሪ ታሪክ አነበበች። ዕውሩ ሰፋሪ ጤፍ ቁርበት ላይ ሲፈስ በድምፁ አሸዋ እንዳለበት ያውቃል። ሻጩ በመድኃኔ ዓለም ይምላል። ዕውሩም «አንተ ማልህ፤ ጤፍህ ግን አልማለም» ይለዋል።

«ኑግ ነው እንጂ ጤፍ አይደለም!» አሉ አያ ገላው።

«ጤፍ ነው!» አሉ ወይዘሮ እናና። «ኑግ ያጭበረበረ ሰው በዚህ ገበያ ታይቶ አይታወቅም።»

«ኧረ? ያንቺንስ ማን ሰፈረው?»

ሰዉ ሳቀ። ብርቱካን በወረቀቷ ክብ አደረገች። ሦስተኛው ታሪክ ላይ ስትደርስ አያ ገላው ብድግ አሉ።

«ይህን የነገርሁት እኔ ነኝ! ለዚያ ለቀጭኑ አስተማሪ!»

«አያ፣ የደራሲውን ስም አይጥሩ» አለች ብርቱካን።

«ስሙን መቼ ጠራሁ? ቀጭን አልሁ እንጂ! ቀጭን ስም ነው?» ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። «ለመሆኑ የት ገባ? ሰባት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ወሬዬን ጠጣ። ከሄደ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየኝ። አሁን በእኔ አፍ ሊሸለም ነው። ራሱ መጥቶ እዚህ ካልቆመ እኔ የእኛ ነው አልልም።»

ብርቱካን ወደ መሪጌታ አየች። መሪጌታ ወደ እኔ አዩ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። «ሞቷል አያ» ብል ነገሩ ያልቃል። መጽሐፉም ያልቃል። አፌን በእጄ ያዝሁት። በእውነት በእጄ ነው የያዝሁት።

ወይዘሮ እናና ናቸው ያዳኑኝ። «ታሪኩ አላለቀም ገላው። እስቲ ታስጨርሰን፤ ኋላ ትቆጣለህ።»

ብርቱካን ጨረሰች። ከዚያ ግርጌውን አነበበች። «ይህን የነገረኝ አያ ገላው ነው፤ የቆላ ድባ እህል ሰፋሪ። ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ ሳቀ፤ አንድ ጊዜ እናቱን አስታውሶ ዝም አለ። ከእሱ የሰማሁትን እኔ ባላሳምረውም እሱ ቢሰማው ያርመዋል።»

አያ ገላው ተቀመጡ። «ስሜን ጻፈው?» አሉ።

«ጽፎታል አያ።»

«እንደገና በይው።»

እንደገና አነበበችው። አያ ገላው ራሳቸውን አከኩ፤ ወደ ወይዘሮ እናና ዞሩ። «ጤፍም ይሁን ግድ የለም» አሉ። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ፣ «የእኛ ነው።»

ሌሎቹ ሁለቱም «የእኛ ነው» አሉ። ፈረሙ፤ አያ ገላው በጣታቸው። መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እኔ መጡ።

«አሁን አፍህ ያንተ ነው» አሉኝ።

አያ ገላው ወደ ሥራቸው ሊመለሱ ሲነሡ ደረስሁባቸው።

«አያ፣ የቀጭኑ አስተማሪ ወንድም ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ እንኳ ትንሽ ሥጋ አለህ። እሱስ?»

«አርፏል። በክረምቱ።»

ቁናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ገዢ መጥቶ «አያ፣ ስፈሩልኝ» ሲላቸው በእጃቸው ወደ ሌላ ሰፋሪ አሳዩት። «እኔ ደግሞ ሰደብሁት» አሉ።

«ቢሰማዎ ይስቅ ነበር።»

«ይስቅ ነበር። ምን ጠፍቶት።» በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «አንድ ያልነገርሁት ነበር። ቅዳሜ ና ብዬው፣ በዚያው ሳምንት ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልነገርሁትም።»

«እኔ ልስማው?»

«መጽሐፉ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም አያ። ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ተዘግቷል።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

«ልስማው ብዬ ነው» አልሁ።

ጆንያው ላይ ፈቀቅ አሉልኝ። ተቀመጥሁ። ብርቱካንና መሪጌታ የጎርጎራው ጀልባ እንዳያመልጠን ከሩቅ ይጠሩኛል። አያ ገላው ጣታቸውን አነሡብኝ።

«እየሳቅህ እንዳታቋርጠኝ። ወንድምህ ገና ሳልጀምር እየሳቀ ያበላሽብኝ ነበር።»

ገና ሳይጀምሩ ሳቅሁ።